አሮጌ ታጣፊ ስልክን ቤት ውስጥ ፈትቶ መጠገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ሆጤ ላይ የእናቴን ታጣፊ ስልክ ፈትቼ ካስነሣሁ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ታጣፊ ስልክ ዛሬም ኔትወርክ ይይዛል?

ይይዛል። አሮጌዎቹ ታጣፊ ቀፎዎች የሚሠሩት በቱጂ፣ ማለትም በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ነው። እዚህ አገር ቱጂ የሚሠራው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ ስልኩ እነዚህን ከተቀበለ መደወልም መልዕክት መላክም ይቻላል። በ*804# ቀሪ ሂሳብ ይታያል። ቴሌብርም በ*127# ይሠራል፤ እናቴ ዕቁቧን የምትከፍለው በዚሁ ነው።

ቲክቶክ የለም፣ ቴሌግራም የለም። እሷ ይሄን እንደ ጉድለት አትቆጥረውም። «ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ነው ወሬው ያለቀልኝ የሚመስለኝ» ትላለች። አዲስ ስልክ ገዝተንላት ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ከመፍታቴ በፊት ምን ላረጋግጥ?

አብሽሩ፣ ካቻቪቴውን ቶሎ አታንሡ። «ሞተ» ተብሎ የሚመጣልኝ ታጣፊ ስልክ በሽታው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ባትሪ፣ ቆሻሻ ወይም ፍሌክስ (ስክሪኑን ከቦርዱ፣ ማለትም ከዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው ስስ ሪባን)። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳይፈቱ መለየት ይቻላል።

ባትሪውን አውጡና ባትሪው የሚነካቸውን ትንንሽ ወርቃማ ጥርሶች እዩ። ጠቁረው ወይም አረንጓዴ ነገር ይዘው ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፣ ፍርፋሪውን እፍ በሉ። የባትሪውንም በኩል እንዲሁ። ከዚያ ሲም ካርዱን አውጥታችሁ ያለ ሲም አብሩት፤ የተበላሸ ሲም ስልክ ሲያስቸግር አይቻለሁ። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የከረመ ከሆነ ደግሞ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። ጨርሶ የደከመ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ላይ ምንም አያሳይም፤ ሰው ግን በ2 ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ ይነቅለዋል።

ስልኩ ከበራ፣ ከምንም በፊት ስሞቹን ወደ ሲም ካርዱ ገልብጡ። ይህን ሳላደርግ የአክስቴን ስልክ ፈትቼ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ብዙ አይደለም። የሞባይል ካቻቪቴ ስብስብ ግዙ፤ ባለ መስቀሉ ትንሹ፣ እንዲሁም ባለ ስድስት ጫፍ ኮከቡ ቲ-5 እና ቲ-6 ይኑሩበት። ሞቶሮላና ኖኪያ ኮከቡን ይወዱታል። ኮከቡን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወይም በቢላ ጫፍ ልፍታ ያለ ሰው የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይፈታውም።

የቀረው ቤት ውስጥ አለ። የቅንድብ ወረንጦ፣ ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ ጥሩ ብርሃን። ለማጽጃ አልኮል። ፋርማሲ የሚገኘው 70 ፐርሰንቱ ይሠራል፤ ግን 30 እጁ ውሃ ስለሆነ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። ጠንከር ያለ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ ዝልግልጉ እዚያው ይቀራል። ቲነርማ ጭራሽ፦ ፕላስቲኩን ይበላል፣ የስክሪኑን መስታወት እንደ ጭጋግ ያደበዝዛል።

ብሎኑ የት ነው ያለው? አይታየኝም።

ተደብቋል። ስልኩን ስትከፍቱ ከስክሪኑ ዙሪያ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይንኳኳ ብቻ የተለጠፉ ይመስላሉ። ከብዙዎቹ ሥር ግን ብሎን አለ። በመርፌ ጫፍ አንሡና ፕላስተር ላይ ለጥፏቸው፤ ሙጫቸው እንዳይደርቅ። የታችኛው አካል ብሎኖች ደግሞ ባትሪው ሥር፣ አንዳንዴም ከወረቀት ተለጣፊ ሥር ናቸው። ወረቀቱን በጣት ስትዳስሱት ጎድጎድ የሚል ቦታ ካለ ብሎኑ እዚያ ነው።

ብሎኑን ሁሉ አወጣሁ፣ ግን አልከፈት አለ።

ጠርዙ ላይ የፕላስቲክ መንጠቆዎች አሉ። የኤቲኤም ካርዱን ጥግ ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ሂዱ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ጥሩ ነው፣ «ቀጭ» የሚል መጥፎ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድርቅ ካለ የረሳችሁት ብሎን አለ ማለት ነው፤ አትታገሉ፣ ተመልሳችሁ ፈልጉ። ጧት ጧት የደሴ ብርድ ፕላስቲኩን ስለሚያደርቀው ስልኩን መጀመሪያ ብብት ሥር ወይም ኪስ ውስጥ ትንሽ አሙቁት።

የላይኛውን ክዳን ስትከፍቱ ሁለቱን ቁራጭ እንደ መጽሐፍ ቀስ አድርጋችሁ ግለጡ እንጂ ለያይታችሁ አትጎትቱ። መሃላቸው ላይ ሽቦ ወይም ፍሌክስ ሊኖር ይችላል።

ብሎኖቹ እንዳይምታቱብኝ ምን ላድርግ?

ወረቀት ላይ ስልኩን በግምት ሣሉ። እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። በየደረጃው በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡ።

የምትሠሩበትም ቦታ ወሳኝ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ነው የፈታሁት፣ ክብ ነው፣ ጠርዝ አለው ብዬ። አንዷ ብሎን በስፌቱ መሃል ሰርጋ ገባች። እናቴ ሰፌዱን ገልብጣ መሬት ላይ ስትመታው ብሎኗ ሳይሆን የስንት ዓመት ጤፍ ረገፈ። ብሎኗ የተገኘችው በሁለተኛው ቀን፣ ሲጠረግ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ነጭ ነጠላ አንጥፉ፤ ጥቁሩም ብርማውም ይታያል፣ ወድቆም አይነጥርም። ናይለን ብርድ ልብስ ላይ ግን አትሥሩ። በደረቁ ወራት እሱ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት የብረት ቧንቧ ወይም የመስኮት ብረት ነካ አድርጉ።

ስልኩ ይጠራል፣ ግን ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ግማሽ ሲከፈት ግን ይታያል። ምንድን ነው?

ይህ ፍሌክስ ነው። የታጣፊ ስልክ ዋናው በሽታ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ፍሌክስ ማለት ብርቱካናማ ወይም ቡናማ የሆነ፣ እንደ ሪባን የሳሳ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች ተደርድረውበታል። ቦርዱ ከታች፣ ስክሪኑ ከላይ ስለሆነ ሁለቱ የሚገናኙት በዚህ ብቻ ነው። ማጠፊያው ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፋል፤ ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እሱም ይታጠፋል። በቀን 30 ጊዜ የሚከፈት ስልክ በ10 ዓመት ከ100,000 ጊዜ በላይ ይታጠፋል። ሽቦ እያጣጠፋችሁ በእጃችሁ ቆርጣችሁ ታውቁ የለ? ያው ነው። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ የሚበራውም ለዚህ ነው። የጀርባ መብራቱና ሥዕሉ በተለያየ መስመር ነው የሚመጡት። የሥዕሉ መስመር ተበጥሶ የመብራቱ ከቀረ ባዶ ነጭ ብርሃን ታያላችሁ። ሁለቱም ከሄዱ ጥቁር ይሆናል፣ ስልኩ ግን ከሥር በሕይወት አለ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሌላ ስልክ ደውሉበት። ከጠራ ወይም ከነዘረ ቦርዱ ደኅና ነው። ከዚያ ክዳኑን በጣም በዝግታ ክፈቱ። በሆነ ማዕዘን ላይ ሥዕሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ወይም ክዳኑን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉት ከተመለሰ፣ ፍርዱ ተሰጥቷል። የእናቴ ስልክ ሩብ ያህል ሲከፈት ሥዕሉ ጥርት ይላል፣ ወለል ሲል ነጭ ይሆናል። እሷም ለምዳው ስልኩን እንደ ጎጆ በር ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ ውስጥ ነበር የደዋዩን ስም የምታነበው። ከተማ ውስጥ ያሳየሁት አንድ ጠጋኝ ግን ሳይፈታው «ቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» ነበር ያለኝ። እልህ ይዞኝ ነው ካቻቪቴ የገዛሁት።

ፍሌክስ ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል? መበየጃስ ያስፈልጋል?

በብዙ ሞዴል ላይ ፍሌክሱ የሚያያዘው በሶኬት ስለሆነ መበየጃ አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ሶኬት ታገኛላችሁ። አንደኛው እንደ ልብስ ቁልፍ ተጭኖ የሚገባ ነው፤ በጥፍር ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ሁለተኛው ትንሽ መዝጊያ ያለው ነው፤ መዝጊያውን ብድግ አድርጋችሁ ፍሌክሱን ታንሸራትታላችሁ። መዝጊያውን ሳይከፍቱ መጎተት ሶኬቱን ይነቅለዋል። ፍሌክሱ ቦርዱ ላይ ወይም ስክሪኑ ላይ በቀጥታ ተበይዶ ካገኛችሁት ግን ገጥማችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። መስመሮቹ በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ በቤት መበየጃ አይሞከርም።

ከባዱ ማጠፊያው ነው። በአንድ ጎን፣ ውስጡ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለበት ትንሽ በርሜል አለ፤ ያንን «ጠቅ» የሚል ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። በሌላው ጎን ቀዳዳው ባዶ ነው፤ ፍሌክሱ በዚያ ያልፋል። በርሜሉን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ክዳኑን ወደ ጎን ስታዘነብሉ ይወጣል። ስፕሪንጉ ሊወረወር ስለሚችል ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፣ በጨርቅም ሸፍኑት። የእኔ በርሜል ተወርውሮ ረከቦቱ ሥር ነው የገባው።

አሁን ዋናው ነገር፦ አሮጌውን ፍሌክስ ከማውጣታችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደተጠቀለለና ወደየት እንደዞረ ፎቶ አንሡ። አዲሱን በዚያው አዙሪት ጠቅልላችሁ አስገቡ። አንድ ዙር ካጎደላችሁ ስልኩ ወለል ሲል ይወጠርና በሳምንት ይበጠሳል። ትንሽ ላላ ያለ ፍሌክስ ዕድሜው ይረዝማል። ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪ አስገብታችሁ አብሩት፣ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉት። ከሠራ ብቻ ብሎኑን ግጠሙ። እኔ ደስ ብሎኝ ሁሉንም ከገጠምኩ በኋላ ነው የጆሮው ድምፅ ማጉያ ሶኬት እንዳልተጫነ ያወቅኩት። እንደገና ከሀ ጀመርኩ።

አዲስ ፍሌክስ ከየት ይገኛል?

በስልኩ ሞዴል ቁጥር ነው የሚጠየቀው እንጂ በመልኩ አይደለም። ቁጥሩ ባትሪው ሥር ተለጥፏል። ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የሞባይል ሱቆች ዙሩ፤ መደርደሪያው ላይ ባይኖርም መሳቢያቸው ውስጥ የሞቱ ቀፎዎች ያከማቹ አሉ። ያው ሞዴል የሆነ፣ ቦርዱ የተቃጠለ ቀፎ ካገኛችሁ ከፍሌክሱ ሌላ ስክሪን፣ ቁልፍና ካቨርም አብሮ አገኛችሁ ማለት ነው። እኔ በዚህ መንገድ ነው የምሠራው። ብቻ የዚያም ፍሌክስ ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ሳትከፍሉ እዚያው ሱቅ ቆማችሁ ብርሃን ላይ እዩት። መታጠፊያው ላይ ነጭ ስንጥቅ ካለ ተዉት።

ቁልፎቹ አንዳንዶቹ አልሠራ ብለዋል።

ቆሻሻ ነው፣ ዘጠኝ እጁ። ከቁልፉ ሥር ትንሽ የብረት ጉልላት አለች፤ ስትጫኑ ትጎደጉድና ከሥሯ ያሉትን ሁለት መስመሮች ታገናኛለች። አቧራ ወይም የደረቀ ሻይ መሃል ከገባ አትገናኝም። የእናቴ ስልክ 5 ቁጥር ሥር አንድ ፍሬ ጤፍና የጥጥ ክር ነበር። ክሩ የራሷ ፈትል ሳይሆን አይቀርም።

የቁልፉን ጎማ አንሥታችሁ ለብቻው በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ። ጉልላቶቹ ያሉበትን ስስ ፕላስቲክ ጥጉን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ላጡ፤ ቦርዱን በአልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ጥረጉና መልሳችሁ ለጥፉ። ጉልላቶቹን በጥፍር አትንኩ፤ አንዴ ከተጨፈለቁ አይመለሱም። እንደ ሞቶሮላ ሬዘር ቪ3 ያለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውና በዓለም ከ130 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ስስ ስልክ ካላችሁ ቁልፎቹ በሙሉ አንድ ወጥ የብረት ወረቀት ናቸው። እሱን አታጥፉት፤ አንዴ ከተጣመመ ቀጥ አይልም።

ሰው ድምፄ አይሰማም ይለኛል፤ ወይም እኔ አልሰማም።

እነሱ ካልሰሙ ማይኩ ነው፤ ከታች፣ አገጭ በኩል ያለች ቀዳዳ። መርፌ አታስገቡባት፣ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ትበሳላችሁ። ፈትታችሁ ከውስጥ በኩል በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። እናንተ ካልሰማችሁና ስፒከሩ ላይ ሲደረግ ግን ከተሰማ፣ የጆሮው ማጉያ ወይም ደግሞ ያው ፍሌክስ ነው።

ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት የሚሠራ ወንድሜ ስልኩ ድምፁ ሽርክት አለበት። ስፈታው የማጉያው ማግኔት የብረት ብናኝ ሰብስቦ ጢም አብቅሏል። ፕላስተር ላይ ለጠፍ ነቀል እያደረግሁ አወጣሁለት። ብረት የምትሞርዱ ከሆነ ስልኩን ሱሪ ኪስ ሳይሆን ቱታው ስር ያዙት።

ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ። ሩዝ ውስጥ ልክተተው?

አይ። ሩዝ እንደሚባለው ውሃ አይስብም፣ ዱቄቱ ግን ይገባል። ጤፍ ውስጥ የከተተ ሰውም አውቃለሁ፤ ቻርጀር መሰኪያው ውስጥ የገባውን ጤፍ በወረንጦ ስለቅም አመሸሁ።

ስልክን የሚገድለው ውሃው ራሱ ሳይሆን ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚወጣው ባትሪ ነው፤ ወዲያውኑ፣ ሳታጠፉት። «እስቲ ይሠራ እንደሆን ልየው» ብላችሁ አትጫኑት። ብዙ ስልክ የሚሞተው በዚያች ሙከራ ነው። ቻርጀርም አትሰኩ። ከዚያ ሲሙን አውጡ፣ አራግፉት፣ በዚያው ቀን ፍቱት። የዝናብ ውሃ ከሆነ በአልኮል መጥረግ ይበቃል። የኦሞ ውሃ፣ ሻይ ወይም ለስላሳ ከሆነ ግን ስኳሩና ጨዉ ሲደርቅ እዚያው ስለሚቀር ቦርዱን ከስክሪኑ ለይታችሁ በአልኮል እየነከራችሁ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። ስክሪኑን አትንከሩ፤ በንብርብሮቹ መሃል እርጥበት ይገባና ካርታ የመሰለ እድፍ ይሠራል።

ማድረቂያው አየር ያለበት ሞቅ ያለ ጥላ ነው፣ ሁለት ቀን ያህል። ምድጃ ዳር አይሆንም፣ የቀትር ፀሐይም አይሆንም። በደሴ ክረምት ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ስለማይደርቅ እኔ ከጣሪያ ሥር፣ ከመብራት አምፖል ራቅ አድርጌ ነው የምሰቅለው። ባትሪው የነበረበት ቦታ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ወረቀትም እዩ፤ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነች ስልኩ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት እሷን ይሁን።

ባትሪው አብጧል። በመርፌ ባስተነፍሰውስ?

በፍጹም! ሊትየም ባትሪ ከተበሳ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። እሳት ውስጥም አይጣል። ማበጡን ለማወቅ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የሞባይል ሱቅ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ኮምቦልቻ የባጃጅ መስታወት ሥር የሚቀመጡ ስልኮች ባትሪያቸው ቶሎ ያብጣል፤ ሙቀት አይወድም።

ብርድ ግን ሌላ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ባትሪው «አለቀ» ብሎ ቢጠፋ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል።

የስልኬ ባትሪ ገበያ ላይ የለም። ሌላ ባትሪ ላስገባ?

መጠኑ ልክ ከሆነ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የመደመርና የመቀነስ ጫፉ በትክክል ከገጠመ ይሆናል። ብዙዎቹ 3.7 ቮልት ናቸው። ሚሊአምፒሩ ቢለያይ ችግር የለውም፤ የሚረዝመው ወይም የሚያጥረው የሚቆይበት ጊዜ ነው። መሃል ያለችው ሦስተኛ ጥርስ ግን ሙቀቱን ወይም የባትሪውን ማንነት ለስልኩ የምትናገር ናት። እሷ ካልተገናኘች አንዳንድ ስልክ ይበራና ቻርጅ አላደርግም ይላል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቻርጅ ሲያደርግ አይታችሁ ግዙ። ባትሪ ላይ ሽቦ መበየድ ደግሞ የለም፤ ሙቀቱ አደገኛ ነው።

ቴስተር ካላችሁ የተኛውን ባትሪ ለኩ። ሙሉ ሲሆን ወደ 4.2 ቮልት ያነብባል። ከ2.5 በታች ከወረደ በኋላ እንደገና ቻርጅ ማድረግ አደጋ ስላለው ተዉት።

ሲሜ ትንሿ ናት። ስልኩ ትልቁን ነው የሚፈልገው።

የናኖ ሲም መጠን 12.3 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው 25 በ15። የፕላስቲክ ማቀፊያ ግዙ፣ በርካሽ ይገኛል። ባዶ ማቀፊያ ግን አታስገቡ፣ ናኖዋንም ያለ ማቀፊያ አትግፉ፤ ስታወጡት የሶኬቱን ጥርሶች ይጎትታቸዋል። ማቀፊያው ሥር ስስ ፕላስተር ለጥፉ፣ ሲሟ እንዳትወድቅ። የተጎተተች ጥርስ በወረንጦ ቀና ታደርጋላችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ።

የስልኩ መክፈቻ ኮድ ጠፋኝ።

የስልኩ ኮድና የሲሙ ኮድ ይለያያሉ። ማንም ያልቀየረው የኖኪያ አሮጌ ስልክ ኮዱ 12345 ነው። የሞቶሮላ መክፈቻ 1234፣ የደኅንነት ኮዱ 000000። ሲሙ ፒን ከጠየቀ ግን አትገምቱ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፐክ የሚባለውን የሲሙን ማስከፈቻ ኮድ ይጠይቃል፣ ፐክን አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ አለቀለት። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ 994 ደውሉ።

በአማርኛ የተላከ መልዕክት ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታየኛል። ብልሽት ነው?

አይደለም። ስልኩ የግዕዝ ፊደል ቅርፅ አልተጫነበትም። መልዕክቱ በትክክል ደርሷል፤ ስልኩ ግን የሚሥልበት ፊደል የለውም። ፈትታችሁ የምታመጡት ነገር የለም። የአማርኛ መልዕክት በአንድ ጊዜ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ 160። እናቴ ጋ የሚደርሰው ሁሉ «ሰላም ነሽ ወይ» በእንግሊዝኛ ፊደል የሆነው ለዚህ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከልኝ ታጣፊ ስልክ ሲም ማስገቢያ የለውም። ይስተካከላል?

አይስተካከልም። እነዚያ ሲዲኤምኤ በሚባል ሌላ አሠራር የተሠሩ ናቸው። ባትሪውንና ስክሪኑን ለመለዋወጫ አስቀምጡት። ሲም ማስገቢያ ያለው ሆኖ ኔትወርክ ካልያዘ ደግሞ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። አንደኛ፣ ስልኩ የሚቀበለው የአሜሪካዎቹን 850 እና 1900 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መፍትሔ የለውም። ሁለተኛ፣ ለላኪው አገር ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በኮድ ይከፈታል። *#06# ስትጽፉ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ያዙ፣ እሱ ይጠየቃል። ከአረብ አገር የሚመጡት በዚህ በኩል አያስቸግሩም፣ እዚያም 900 እና 1800 ነው።

ክዳኑን ስዘጋ ስክሪኑ አይጠፋም፤ ስከፍተውም ጥሪ አያነሣም።

ጥገና ከተደረገ በኋላ የመጣ ከሆነ ማግኔቷን ጥላችኋታል። ብዙ ታጣፊ ስልክ መዘጋቱን የሚያውቀው ክዳኑ ውስጥ ባለች የሩዝ ፍሬ የምታህል ማግኔት ነው። ከታች ቦርዱ ላይ ማግኔቷን የሚያውቅ ትንሽ ሴንሰር አለ። ስትፈቱ ማግኔቷ ካቻቪቴው ላይ ተለጥፋ ትሄዳለች፤ ለአንድ ሰዓት መሬት ለመሬት ስፈልጋት የነበረችውን በመጨረሻ ካቻቪቴዬ ጫፍ ላይ ነው ያገኘኋት። ስትመልሷት ደግሞ ገጽ አላት። አንዳንዱ ሴንሰር አንዱን ገጽ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ካልሠራ ገልብጧት።

ሳይፈታ የመጣ ከሆነ የቦርሳ ማግኔት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ማግኔት ካለው ቦርሳ አውጥታችሁ ሞክሩ።

ገጠምኩ፣ ስልኩ ይሠራል። ግን አንድ ብሎን ተረፈኝ።

ይህንን ያልጠየቀኝ የለም። ቁመቷን ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ። አጭር ከሆነች ከክዳኑ ናት፤ የማዕዘን ጎማዎቹን አንሥታችሁ ባዶውን ቀዳዳ ፈልጉ። ረዘም ካለች ከባትሪው ሥር ወይም ከማጠፊያው አጠገብ ናት፤ የማጠፊያዋ ከሆነች መመለስ አለባት፣ አለዚያ ክዳኑ ይወላገድና አዲሱን ፍሌክስ ይበላዋል።

ቦታዋን ካላወቃችሁ ግን ወደ አገኛችሁት ቀዳዳ አታስገቧት። ረጅም ብሎን አጭር ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ስክሪኑን ከጀርባ ይወጋዋል፤ የአክስቴ ስልክ መሃሉ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ የዚያ ማስታወሻ ናት። የእናቴ ስልክ ብሎን እስካሁን ስኳር ዕቃው ውስጥ በፕላስተር ተለጥፋ ተቀምጣለች። ስልኩ ግን ይጠራል።